ጣቴን ያላመመው ክር

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ወዲህ «ቲቸር እንዲህ አለች» የማትልበት ቀን ጠፋ። ቲቸር የምትላት የትምህርት ቤቷ መምህርት ናት፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ከመዘምራኑ ጋር ጊታር የምትጫወተው እሷው ናት። ከዋጫ ከተማ ተዛውራ የመጣች፣ ገና ያላገባች ወጣት። ቲቸር ፀጉርሽን እንዲህ ብትሠሪው ያምርብሻል አለች። ቲቸር ሻይ ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው። የእኔም ልጅ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረች፤ ፊቷን እያጨማደደች።

እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። እናቴ ታማ እንሰት የሚፍቅ ሰው ሲጠፋ መፋቂያውን አነሣሁ፤ እስከ ዛሬም አላስቀመጥኩትም። ቦንጋ ገበያ ቆጮ እሸጣለሁ። ልጄን ግን አንድም ቀን እንሰት ፍቂ ብያት አላውቅም። እጇ ለእስክሪብቶ ይሁን ብዬ ነው። ጎረቤቶቼ «ሙሽራ አድርገሽ ልታስቀምጫት ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ጊታር ልግዛልሽ ያልኳት ራሴ ነኝ። ከመዘምራኑ ጋር ለመጫወት ቲቸር ጊታር ታስተምራት ስለነበር፣ ለልምምድ እያለች ከትምህርት በኋላ ቲቸር ቤት ትቀር ነበር፤ የራሷ ካላት ቤቷ ትቀመጣለች ብዬ አሰብኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝና ወዲያው፣ «ቲቸር መጥታ ትምረጥልን» አለች።

መናኸሪያው አጠገብ ስፒከርና የሞባይል ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ሦስት ሆነን ሄድን። ግድግዳው ላይ ሁለት ጊታሮች ተሰቅለዋል። አንዱ ጥቁር፣ አዲስ፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ፣ ክሩ ብረት። ሌላው ቡናማ፣ ሰው የተጠቀመበት፣ ጎኑ የተጫረ፣ ክሩ ናይለን። ቲቸር ቡናማውን አውርዳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ ልጄ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። አማርኛውን ቶሎ ቶሎ ያወሩታል። የእኔ አማርኛ የገበያ ነው፤ በካፊኖኖ ያሰብኩትን ገልብጬ አንድ ቃል እስካወጣ እነሱ ሌላ ነገር ጀምረው ይስቃሉ።

«ለጀማሪ ይሄ ነው የሚሻለው» አለች ቲቸር። «እትዬ፣ የጥቁሩ ክር ብረት ነው፤ ከአንገቱም ርቆ ነው የተወጠረው። ጣቷን ይልጣታል።»

«ለልጄ የሰው ውራጅ አልገዛም» አልኩ።

«እማዬ፣ ቲቸር እኮ ታውቃለች።»

ያቺ «ታውቃለች» ሆዴ ገባች። ጥቁሩን አስወረድኩና ክሩን በጣቴ ተጫንኩት። አንዱን፣ ከዚያ ሁሉንም። ምንም።

«ይሄ ነው የሚልጠው? ቅቤ ነው እኮ!»

ባለሱቁ ሳቀ። «እትዬ፣ የሚማሩት እርስዎ ነዎት እንዴ? እንግዲህ እሁድ መድረክ ላይ እንጠብቅዎታለን!»

ቲቸር አፏን በእጇ ሸፈነች። ልጄ ግን ትከሻዋን ቲቸር ላይ ጥላ ሳትሸፍን ሳቀች።

«ጥቁሩን ስጠኝ» አልኩት።

ይዘንብ ነበር። ጊታሩን በላስቲክ፣ ከላይ ደግሞ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ በባጃጅ ጭኔ ላይ አቅፌ ወሰድኩት። ቲቸር በእግሯ ሄደች።

መጀመሪያ ሰሞን ልጄ ቤት እየተለማመደች እኔ ጓሮ እንሰቴን እየፋቅኩ እሰማት ነበር። ከዚያ ድምፁ እየቀነሰ መጣ። ቆይቶ ጊታሩ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ቲቸር ቤት መሄዱንም ተወችው። «ፈተና ደርሷል» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሳቋ እንደቀነሰ እያየሁ ደስ አለኝ። ሻይዋ ላይ ስኳር ስትጨምር ሳያት ያሸነፍኩ መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ ለቆጮው ሚጥሚጣ በቅቤ ስታሽልኝ እሪ ብላ ግራ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«አምጪው እስኪ።»

«ምንም አይደለም፣ እማዬ።»

«አምጪ አልኩሽ!»

አራቱም የጣቶቿ ጫፍ ተልጧል። በዳነው ላይ አዲስ ቁስል አለ።

«ገበያ ስትሄጂ እለማመዳለሁ» አለች። «ይለምዳል ብዬ ነው።»

«ለቲቸር አላሳየሻትም?»

«ካየችው ‹ብያችሁ ነበር› ትላለቻ። አንቺን እንዲህ እንድትልሽ አልፈልግም። የመዘምራኑንም ነገር ትቼዋለሁ አልኳት።»

እጇን ይዤ ከእጄ አጠገብ አደረግሁት። እኔ የጋለ ድስት በባዶ እጄ የማወርድ ሴት ነኝ፤ የጣቴ ጫፍ እንደ ቀንድ ደንድኗል። የእሷን ጣት ይህን ሁሉ ዘመን እንዳይደነድን ስጠብቀው ኖሬ፣ ሱቅ ውስጥ ግን በራሴ ጣት ለካሁላት።

ሰኞ ከትምህርት ስትወጣ ልጄን ይዤ፣ ጊታሩን አቅፌ ቲቸር በር ላይ ቆምኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን ስደጋግም ነበር የመጣሁት፤ በሩ ሲከፈት ሁሉም ጠፋኝ።

«ምረጪልን» አልኩ።

የልጄን ጣቶች አየች፤ እኔን አየች። «ብያችሁ ነበር» አላለችም። ብትል ኖሮ እጠላትና ይቀለኝ ነበር። «ጫማዬን ላድርግ፣ እትዬ» ብላ ብቻ ገባች።

ቡናማው ጊታር ያው ግድግዳው ላይ ነው። ባለሱቁ ገና ሲያየኝ፣ «እትዬ፣ መድረኩ እንዴት ሆነ?» አለ።

«ለሌላ ጊዜ ተላለፈ» አልኩት። እየሳቀ ጥቁሩን ተቀብሎ ቡናማውን አወረደልን።

ቲቸር የልጄን እጅ ይዛ ጣቶቿን እፍ እፍ አለችላት። ልጄ ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ እፍ የምላት እኔ ነበርኩ። እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኳቸው።

ልጄ በርጩማው ላይ ተቀምጣ በቆሰለው ጣቷ ናይለኑን ቀስ ብላ ተጫነችው። ፊቷ አልተጨማደደም። ሁለት ሦስት ጊዜ መታችና ቀና አለች። መጀመሪያ ያየችው ቲቸርን ነው፤ ልክ መሆኑን ልትጠይቅ። ቲቸር ራሷን ነቀነቀች። እኔ ባንኮኒውን ተደግፌ ዓይኗ እኔ ጋ እስኪደርስ ጠበቅሁ።