የጋሽ ፉፋ የሆቴል አዳር

ጋሽ ፉፋ ተወልደው ያደጉት፣ ወልደው የከበዱት ጌጃ ሰፈር ነው። አብነት አካባቢ በነበረቻቸው ብየዳ ቤት ስንቱን የግቢ በር ሠርተዋል። ሰፈሩ ሲፈርስ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ዓመት ሳይሞላ ባለቤታቸው ደሚቱ ዐረፈች። ልጃቸው ቶኩማ ዱባይ ነው፤ ሲጋራውን እንዲተዉ ብሎ ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ማጤሻ ልኮላቸዋል።

ክረምት ላይ የድሮ ጎረቤታቸው ኃይለመለኮት ሞተና ተክለ ሃይማኖት ለቀብር መጡ። ድሮ ቢሆን ቀባሪው እያወጋ አብሮ ወደ ሰፈር ይመለስ ነበር። አሁን አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ አባዶ እያለ በየታክሲው ተበተነ። ዝናቡ በረታ። ኮዬስ ቢደርሱ ማን ይጠብቃቸዋል? ከድሮ ሰፈራቸው አጠገብ፣ ልደታ አንድ ሆቴል ገብተው ክፍል ያዙ። በገዛ አገራቸው እንግዳ ሆነው ሊያድሩ ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ቬፑን ደጋግመው ሳቡት። የጣሪያው የጭስ አላርም ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ለቀቀ። ኮሪደሩ ተተራመሰ፤ ፀጉሯን እየታጠበች የነበረች ሴት አረፋውን ሳታስለቅቅ ወጣች። ወዲያው በራቸው ተንኳኳ።

«አባባ! ደህና ነዎት?» አለች እንግዳ ተቀባይዋ ቤዛ፣ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ ይቺን ስስብ ነው» አሉ ቬፑን እያሳዩ። «እንፋሎት ነው ብዬ፣ ጭስ መች መሰለኝ!»

«እሱም ያስጮኸዋል። ክፍል ውስጥ ክልክል ነው፣ አባባ። እኔማ የሆነ ነገር ሆኑ ብዬ ደነገጥኩ!»

ለወጡት እንግዶች አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ይቅርታ ጠየቁ። አላርሙ ዝም አለ፤ ሰዉ ወደየክፍሉ ገባ፤ ቤዛም ወረደች።

ጋሽ ፉፋ የተዘጋውን በር ትክ ብለው አዩት። «ደህና ነዎት?» ብሎ በራቸውን ያንኳኳ ሰው ከነበረ ስንት ጊዜው! ኮዬ የሚያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው። እጃቸው ወደ ቬፑ ሄደ። አንዴ ቢስቡት ልጅቷ ተመልሳ ትመጣለች። ከንፈራቸው አስጠግተውት ሳለ ያቺ ባለ አረፋዋ ሴት ትዝ አለቻቸው፤ በራሳቸው አፈሩ። ኮታቸውን ደርበው ወደ ታች ወረዱ።

«ምን ጎደለ፣ አባባ?» አለች ቤዛ።

«ምንም። እንቅልፍ እስኪመጣ እዚህ ብቀመጥ አስቸገሩኝ ትይኛለሽ?»

«ኧረ ምን ሲደረግ!» ብላ ወንበር ሳበችላቸው።

ብዙም አላወሩም። እሷ ስልክ ታነሳለች፣ እንግዳ ትቀበላለች፤ እሳቸው የሚገባ የሚወጣውን ያያሉ። አልፎ አልፎ ቀና ብላ ፈገግ ትልላቸዋለች። ዓይናቸው እስኪከብድ እዚያው ቆዩ።