የደመሰስኩት አምስተኛ ዘፈን

ባለፈው ኅዳር ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስመለስ የሚኒባሱ ሹፌር የሁለት ወጣቶች አዲስ አልበም ከፍቶ ነበር። ሁለቱም አይዘፍኑም አሉ፤ ዜማውን በኪቦርድና በኮምፒውተር ይሠሩና በየዘፈኑ እንግዳ ድምፃዊ ያስገባሉ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ፣ «እማማ፣ በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም አይደል?» አለችኝ።

«አልነበረም» አልኳት። ዳባት እስክንደርስ የታጨደውን ገብስ በመስኮት አየሁ። ዋሽቻት ነበር።

በደርግ ጊዜ ደባርቅ አስተምር ነበር፤ ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ታላቅ ወንድሜ አስረስ አስመራ ሆቴል ቤት ሲጫወት ከርሞ አንድ ኪቦርድና ምት የሚመታ ትንሽ ሳጥን ይዞ መጣ። እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ኦርጋን ለምጄ ነበርና እኔ ዜማውን፣ እሱ ምቱንና ቅጂውን ያዝን። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የበግ ቆዳ ሰቀልን፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን። መብራቱ ስለማይታመን የምንሠራው ከጭነት መኪና በወረደ ባትሪ ነበር።

ሁለታችንም የዘፋኝ ድምፅ አልነበረንም፤ ስለዚህ ሰው ጋበዝን። ከዳባት ጠጅ ቤት እትዬ አለምነሽ መጥተው ሁለት ዘፈን ሰጡን። ስሜን ተራራ ላይ ጨነቅ ከተባለው ቦታ በቅሎ የሚጭኑት አያ ቸኮልም መጥተው ሁለት ጨመሩ፤ ሲዘፍኑ ከማይክሮፎኑ ስለሚሸሹ አስረስ ትከሻቸውን ይዞ ያቆማቸው ነበር። ስናርፍ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ እንበላለን። አያ ቸኮል ሳጥኑን በጎን እያዩ፣ «ይህ ነገር ልብ አለው እንዴ፣ እንዲህ የሚመታው?» ይሉ ነበር።

በዚያ ዘመን የተጋረደ መስኮት ብቻውን ያስጠይቅ ነበር። ጫካ የገቡ ልጆች ዘመዶች በየቤታቸው ይፈተሹ ነበር፤ የሳጥናችን ጢቅ ጢቅ ደግሞ ለጎረቤት የመልእክት መላኪያ ራዲዮ መሰለው። ሰላምታ አጠረ። የቀበሌው ዘበኛ ዝናብ ሲመጣ በከተማው ሌላ ጣሪያ የጠፋ ይመስል ከእኛ መስኮት ሥር ይጠለል ጀመር። እኔም ሰውን ሁሉ መጠርጠር ጀመርኩ። እትዬ አለምነሽ፣ «ይህን ዕቃ ከወዴት አመጣችሁት?» ቢሉኝ እንኳ፣ ማን አስጠየቃቸው እላለሁ።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ማሩ የሚባል የማናውቀው ሰው መጣ። ውጭው ጭቃ ነው፤ የሱ ጫማ ንጹሕ ነበር።

«ዘፈን ትቀዳላችሁ ሲሉ ሰማሁ» አለ። «አንድ ልዝፈን ብዬ ነው።»

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ሰው።»

አስረስ ግን አስገባው። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ የካሴታችንን አምስተኛ ዘፈን ዘፈነ፦

«ሊማሊሞ ቆሜ ወንድሜን ብጣራ፣
የገዛ ድምፄን ነው የሰጠኝ ተራራ።»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ግን ፈራሁ። ወደ ተራራው ስለሄደ ወንድም ማልቀስ ያኔ ያሳስር ነበር።

ሲወጣ፣ «ይህ ሰው ሊያስበላን ነው የመጣ» አልኩ።

«ተይ እንጂ፣ የሺ» አለ አስረስ። «ለማስመሰል እንዲህ ይዘፈናል?»

በማግሥቱ አስረስ ባትሪ ሊያስሞላ ሲሄድ መብራት መጥቶ ስለነበር ካሴቱን አስገባሁና በማሩ ድምፅ ላይ ዜማውን በኪቦርድ ብቻ ቀዳሁበት። ለአስረስ አልነገርኩትም።

በሦስተኛው ቀን ቀበሌ ጠራን። ሊቀመንበሩ ዕቃውንም ካሴቱንም አስመጥቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ አዳመጠ። አራተኛው ዘፈን ሲያልቅ አስረስ በሩን በሩን ያይ ነበር። አምስተኛው ጀመረ፤ ኪቦርድ ብቻ። አስረስ ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«ይኸኛው ለምን ቃል የለውም?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ዘፋኝ አጣንለት» አልኩ።

እኛን ለቀቁን፤ ዕቃው ግን እዚያው ታሽጎ ቀረ። የጠቆመብን ያ የቀበሌው ዘበኛ እንደነበር ኋላ ሰማን።

በሳምንቱ ማሩ ተመልሶ መጣ። ጃናሞራ የተመደበ መምህር ነበር፤ ያቺን ንጹሕ ጫማ በፌስታል ይዞ መጥቶ ደጃችን ላይ ሲቀይር አየሁት። «ካሴቷን ለእናቴ ላሰማት ነው» አለ። «የወንድሜና የኔ ድምፅ አንድ ነበር። እኔ ፊቷ ስዘፍን ታለቅሳለች፤ ፊቴን ሳታይ ከካሴት ብትሰማው እሱን የሰማች ይመስላት ይሆናል ብዬ።»

አስረስ ቀደመኝ፤ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ቴፑ በላው» አለ።

«እንደገና ልዝፈናት?»

«ዕቃው ተወስዷል።»

ማሩ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። አስረስ ያን ነገር እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ አላነሣብኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ዘፈን ባልደመስሰው ኖሮ ወንድሜን አጣው ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ለልጆቼም እንዲሁ ነው የምነግራቸው፤ «ደግ አደረግሽ» ይሉኛል። እኔ ግን የደመሰስኩ ዕለት ስለ ወንድሜ ብቻ እንዳላሰብኩ አውቃለሁ። ሰውየውን ስላልወደድኩት ደስ እያለኝ ነበር ቁልፉን የተጫንኩት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።