የድንቡሼ እናት

ፀጉር አጣቢያችንን «መዝገብ» የምንላት ያለ ነገር አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ ገንዳው አጠገብ ቆማ ስታጥብ የአንድም ደንበኛ ስም ተሳስታ አታውቅም። የደንበኛን ፀጉር በቢጎዲን የምጠቀልለው እኔ የገዛ አክስቶቼን ስም አምታታለሁ። እሷ ግን ማን አንቱ ካልተባለች እንደምትቀየም፣ ማን ደግሞ አንቱ ሲሏት «አሮጊት አደረጋችሁኝ» ብላ እንደምታኮርፍ አንድ በአንድ ታውቃለች። አዲስ ሠራተኛ ስትቀጠር መጀመሪያ የምታስተምራት የፎጣ አያያዝ ሳይሆን ይህንኑ ነው።

እናቶችን አብዛኛውን ጊዜ በልጆቻቸው ነበር የምትጠራቸው። አንዷ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ የምትመጣ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጉንጯ ሙልት ያለ ሴት ልጅ ነበረቻት። መዝገብ ልጅቷን ገና በሕፃንነቷ «ድንቡሼ» ብላ ስም አወጣችላት፤ ስሙም ቤትም ሰፈርም ገባ። እናትየውም በዚያው የድንቡሼ እናት ሆና ቀረች። ስምንት ዓመት ሙሉ ሌላ ስም እንዳላት ትዝ ብሎን አያውቅም።

ከዚያ ድንቡሼ ታመመች። ሦስት ወር እንኳ ሳትቆይ ሞተች።

እናቷ ግማሽ ዓመት ጠፍታ ቆየችና አንድ ቀን ደውላ ቀጠሮ ያዘች። ምን ብለን እንደምንቀበላት ጨነቀን። አለቃችን ሰብስባን የልጅቷን ስም ማናችንም እንዳናነሳ፣ ሴትዮዋም በራሷ ስም እንድትጠራ አዘዘች። እኔም ልክ ነሽ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። መዝገብም የቀጠሮውን ደብተር ገልጣ የሴትዮዋን ስም ፈለገች። የሰው ስም ለማወቅ ደብተር ስትገልጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ሴትዮዋ መጣች። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል፤ ሽበቷ ከሥሩ ሦስት ጣት ያህል ወጥቷል። ተራዋ ሲደርስ መዝገብ በዚያ በደብተሩ ስም ጠራቻት። ሴትዮዋ ዞር ብላ ከኋላዋ አየች፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ነበር።

ገንዳው ላይ አንገቷን አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አረፋው ግንባሯ ላይ እንዳለ ተናገረች። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

«አባቷ እንኳ ስሟን አያነሳም። ጎረቤቱ ሲያየኝ ወሬ ይቀይራል። እዚህ እሰማዋለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። አንቺም ቀበርሽብኝ?»

መዝገብ አረፋውን ከግንባሯ ላይ ጠረገችላት። ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። ሴትዮዋ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሳትገባ፣ እርጥብ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ወጣች።

ሁለት ቅዳሜ አለፈ። የመዝገብ እጅ ሥራው ላይ፣ ልቧ በሩ ላይ ነበር። ያቺ ስም የማትስት ሴት አንዷን ደንበኛ በሌላዋ ስም ስትጠራ ሳሎኑ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በሦስተኛው ሳምንት ከደብተሩ ስልክ ፈልጋ ደወለችና የአራት ሰዓት ቦታሽን ለማንም አልሰጠሁትም አለቻት። ይቅርታ ልትላት ፈልጋ ሳትላት ስልኩን እንደዘጋች በኋላ ነገረችኝ።

ሴትዮዋ መጣች። አግዳሚው ጫፍ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች። ሳሎኑ በሰው ጢም ብሏል፤ አለቃችን በሩ አጠገብ ቆማለች። መዝገብ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«የድንቡሼ እናት፣ ተራሽ ነው።»

አለቃችን መዝገብ ላይ ዓይኗን አፈጠጠች። ከእጄ ቢጎዲን አምልጦኝ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ያነሳው የለም። ሴትዮዋ ቦርሳዋን እንዳቀፈች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አቤት» አለችና ተነሳች።