ያወረድኳቸው ክሮች

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ የጻፍኩት ቢኖር አጎቴ ቆቦ ውስጥ ራዲዮና ቴፕ በሚጠግንበት ሱቅ፣ በየዕቃው ላይ የምንለጥፋት ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው። የባለቤቱን ስም፣ ከሥሩ የዕቃውን በሽታ። «ካሴት ይበላል።» «ድምፁ ይቆራረጣል።» አንድ ጊታር ላይ ግን «ክሩ ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል» ብዬ ጻፍኩ። እሱን ባልጻፍኩ ኖሮ እላለሁ።

ጊታሩን ያመጡት ከጎብዬ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። በደርግ ጊዜ ኪነት ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ኪነቱ ሲበተን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ቆጥ ላይ አስቀመጡት። ልጃቸው ትንሽ ሳለች «በሠርግሽ ቀን እጫወትልሻለሁ» ብለዋት ነበር፤ እሷም አልረሳችም። ሠርጉ እሑድ ነው። የመጡት ማክሰኞ።

«አጎትሽስ?»

«ዋጃ ለቅሶ ሄዷል፣ አባባ።»

«ሲመጣ ይየው። ድምፁ ጠፍቷል። ቅዳሜ እመለሳለሁ።»

እሳቸው እዚያው ቆመው ሳሉ ነው ክሮቹን ያየሁት። ከእንጨቱ በጣም ርቀዋል፤ ትንሿ ጣቴ በሥራቸው ታልፋለች። ለምን እንደሆነ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ትልቅ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። ሰፈሩ «አንገቷን የደፋች» እያለ ያመሰግነኛል። አንገቴን ደፋሁ፤ እሳቸውም ሄዱ።

ረቡዕ ከፈትኩት። ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ ነበር፤ በየድኩት። የድምፅ መቆጣጠሪያውን አቧራ ጠረግኩ። ከስፒከር ጋር ሳገናኘው ጮኸ። ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር። እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት?

ጊታር የማውቀው በቴሌቪዥን ነው። ሰዎች ክሩን በጣታቸው ሲጫኑ አይቻለሁ። ይሄን ግን ብጫን ብጫን ክሩ እንጨቱን አይነካም፤ ጣቴ ሊበጠስ ደረሰ። አንገቱ ላይ ሌላ ጊታር ያለው የብረት መስመርም የለውም፤ በቀለም የተሰመረ ብቻ። ብረቱ ተነቅሎ የጠፋ መሰለኝ። ስለዚህ ሐሙስ ሞረድ አነሳሁና በአንገቱ ጫፍ ክሮቹን የተሸከመችውን የአጥንት ቁራጭ ሞረድኳት። ክሮቹ ወደ እንጨቱ ወረዱ። ዓርብ አጎቴ ተመልሶ በጣቱ ተጭኖ አየና «እጅሽ ይባረክ!» አለኝ።

ቅዳሜ ሽማግሌው መጡ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ጊታሩን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። የሚያሳርፉት መስሎኝ ነበር። ከኪሳቸው ከመኪና ሞተር የወጣ ለስላሳ ብረት አወጡና ክሮቹ ላይ አንሸራተቱት። ብረቱ እንጨቱን ጫረው። ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ወጣ።

«ክሮቹን ማን አወረዳቸው?»

«እሷ ናት!» አለ አጎቴ፣ ትናንት የባረከኝ። «ማን ሞርጂ አለሽ?»

«ልጄ፣ ይሄ በጣት አይጫንም። ብረቱ ነው የሚሄድበት። ከእንጨቱ እንዳይጋጭ ነው ክሩ ከፍ ያለው።» አሉ ሽማግሌው። «ቆሜልሽ አልነበረ? ምናለ ብትጠይቂኝ?»

«እሷ ትጠይቅ?» አለ አጎቴ። «ዶሮ እንኳ እሽ አትልም እኮ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሠርጉ ነገ ነው። ቆርቆሮ አጣጥፌ ከክሮቹ ሥር ሸጎጥኩ፤ ክሮቹ እየበሉት ሰመጡ። የበሬ ቀንድ ቆርጬ ግማሽ ቀን ሞረድኩ፤ ስድስተኛውን ክር ሳጠብቅ ከመሐል ተሰነጠቀ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ አጎቴም በየመሐሉ «ምነው ባትነኪው!» ይላል። ቀንዱን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ሽማግሌው ግን ጆንያቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ ከቁርጥራጭ ብረት ሣጥን ውስጥ ረጅም ብሎን አገኘሁ። ጭንቅላቱን በብረት መጋዝ ቆርጬ በአንገቱ ጫፍ አጋደምኩት። ክሮቹ የብሎኑ ጥርሶች መሐል ገቡ። ከፍ አሉ። ሽማግሌው ቃኝተው ብረቱን አንሸራተቱ፤ አሁን አልጫረም። ድምፁ እንደሚያለቅስ ሰው ሱቁን ሞላው።

ግን ብዙ አልቆየም። ጠንከር አድርገው ሲመቱ ሦስተኛዋ ክር ከብሎኑ ጥርስ ትወጣና ትላላለች። ድምፅዋ ወርዶ ዜማው ይበላሻል። እሳቸው አልሰሙም፤ ጆሯቸው ከብዷል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጫወታሉ። አጎቴም በዜማው ተመስጦ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት። ዝም ብል ነገ ልጃቸውና ሠርገኛው ፊት እንዲህ ሊጫወቱ ነው።

«አባባ... ሦስተኛዋ ወርዳለች» አልኩ በቀስታ።

«እ?»

«ወርዳለች...»

«ምን አልሽ?»

«ሦስተኛዋ ክር ወርዳለች!»

ከመንገድ ማዶ የቆመ የባጃጅ ሹፌር ዞሮ አየኝ። ፊቴ ነደደ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ፤ መቃኛዋን አጠበቁ፤ ብረቱን መሐረብ ውስጥ እየጠቀለሉም እንዲህ አሉኝ፦

«ነገ ዳሱ ውስጥ ከጎኔ ነው የምትቀመጪው፤ በወረደች ቁጥር ልክ እንደዚህ ጩኺብኝ።»