በኮክ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ማስረጃ

የመጀመሪያዋ ዶሮ ሰኞ ጠዋት ከቆጡ ሥር ተዘርራ ተገኘች። እመት ማኅተም አላለቀሰችም። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት ስታዝን ቀንና ሰዓት ትጽፋለች። ስሙንም ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ማኅተም ያላረፈበትን ወረቀት ቀርቶ ወሬ እንኳ አታምንም ብለው። ጡረታ ብትወጣም ስሙ አልወጣላትም።

በድኑን ገለባበጠችው። ቁስል የለውም፣ ደም የለውም፣ የድመት ጥርስም አላረፈበትም። ማታ እህሏን ለቅማ በደህና ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ እንዲሁ ዝም ብላ አትሞትም፤ ስለዚህ ገዳይ አለ። ገዳይ ካለ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ከግንቡ ወዲያ ታናሽ ወንድሟ ይኖራል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ መንገድ ዳር ባለው ክፍሉ አንድ ተሽከርካሪ ወንበርና ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት አለው። እናታቸው ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት። አባታቸው ግቢውን ለሁለት ሲከፍልላቸው፣ ልጆቼ ለመጠያየቅ በመንገድ አይዙሩ ብሎ በግንቡ መሐል የእንጨት በር አስቀረ። በዚያ በር ወንድምየው ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ መቀሱን በደረት ኪሱ እንደሰካ ይገባል፣ ምሳውን ይበላል፣ ጨው አነሰው ብሎ ያማርራል፣ ይወጣል። ሁለቱም ትዳር አልያዙም፤ ያቺ ምሳ ነች ቤተሰባቸው።

ታዲያ እሑድ ዕለት ይኸው ሰው ጉርሻውን እያኘከ፣ “ይህን አውራ ዶሮሽን አንድ ቀን አንገቱን ነው የማንቀው፣ እንቅልፍ ነሳኝ” ብሎ ነበር። እየሳቀ ነው ያለው። መዝገብ ላይ ግን ሳቅ አይጻፍም።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ ሳህን አልጠበቀውም። አውራውን ሊገድል ፈልጎ ሴቷን ዶሮ እንደገደለ፣ መርዙን ከየት እንዳመጣ ካልተናገረ ነገሩ በዚህ እንደማያበቃ ነገረችው። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። ሳቁ ደግሞ ይባስ አንጨረጨራት። እጁን ታጥቦ እንኳ ሳይጨርስ ወጣ።

እመት ማኅተም በድኑን አልቀበረችም። ማስረጃ ይቀበራል እንዴ! በቀዳዳ ጆንያ ጠቀለለችው፣ ካርቶን ቆርጣ “ማስረጃ ቁጥር አንድ” ብላ ከነቀኑ ጻፈችበት፣ ውሻ እንዳይደርስበት ዶሮዎቹ ከሚውሉበት የኮክ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለችው። አውራ ዶሮዋንም እንዳይመረዝ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ለእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፈች። በነጋታው ሄዳ ጠየቀች፤ ሐኪሟ መስክ ናት ተባለ። ረቡዕ ሁለተኛ ደብዳቤ ከነግልባጩ አስገባች፤ ተሽከርካሪው ተበላሽቷል ተባለ። ዓርብ ሦስተኛውን ይዛ ስትሄድ የሁለተኛው ደብዳቤ ጀርባ የሒሳብ መደመሪያ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ አገኘችው። እዚያው ቆማ በመሥሪያ ቤቱ ላይ ያወረደችው እርግማን እስከ ግቢው በር ድረስ ተሰማ።

ቅዳሜ ዕለት ዶሮዎቹ ሁሉ ከጆንያው ሥር ተሰብስበው መሬቱን ሲለቅሙ አየች። የጓደኛቸው ነገር ገብቷቸው ነው ብላ ሆዷ ባባ። እሑድ አንዷ እግሯ ከዳት። ሰኞ ሦስት ሆኑ፤ አንገታቸው እየተልፈሰፈሰ ምንቃራቸው መሬት ይነካል፤ ዓይናቸው ያያል፤ መነሳት ግን የለም። እቅፏ ውስጥ አስገብታ በማንኪያ ውሃ ብታጠጣቸውም በአፋቸው ጥግ ይፈሳል። ጎረቤት ፈንግል ነው አለ። እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ የሞተውን ሁሉ ቁጥር እየሰጠች ወደ ጆንያው ጨመረች። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

ሽታው ግንቡን ተሻገረ። ወንድሟ ከወዲያ ማዶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራት።

“እትዬ፣ ስለ እናታችን ብለሽ ያን ነገር ቅበሪው። ሰው ወንበሬ ላይ መቀመጥ ጠላ።”

“ማስረጃ ይጥፋ የሚለው ማን እንደሆነ ሠላሳ አንድ ዓመት አይቻለሁ” አለችው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የእንጨቱን በር በስድስት ምስማር ቸነከረችው። እያንዳንዱን ስትመታ እሱ እንዲሰማ አድርጋ ነው።

ሐኪሟ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣች። ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ፣ ድካም ፊቷ ላይ የተጻፈባት ሴት ናት። ከአሥራ አራቱ ሴት ዶሮዎች ሁለቱ ብቻ ይተነፍሱ ነበር። አንዷን አንስታ አንገቷን ደገፈች፣ ላባዋን ስትነካው በቀላሉ ተነቀለላት። ከዚያ ቀና ብላ ዛፉን አየች።

“ይሄን ማን ሰቀለው?”

“እኔ ነኝ። ማስረጃ ነው።”

ሐኪሟ በእንጨት ጆንያውን ነካ ስታደርገው ነጫጭ ትሎች መሬት ላይ ተንጠባጠቡ። ከሁለቱ ዶሮዎች አንዷ በዚያ አቅሟ ምንቃሯን ወደ ትሉ ለማንሳት ሞከረች።

“የበሉት ይሄንን ነው፣ እናቴ። የበሰበሰ ሥጋ መርዝ ያበጃል። ትሉን ምንም አያደርገውም፤ ትሉን የለቀመች ዶሮ ግን መላ አካሏ ይዝላል። ሥጋቸውን የበላ ሰው አለ?”

“ማንም የለም። የመጀመሪያዋስ? እሷን ማን ገደላት?”

“እሷማ አሁን አጥንት ሆናለች። ልቧም ይሆናል፣ ዕድሜም ይሆናል፤ ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም። ያን ዕለት ቢቀብሯት ኖሮ ግን ሌሎቹ ዛሬ አይሞቱም ነበር።”

“ያን ዕለት ብትመጡልኝስ ኖሮ?”

ሐኪሟ አንገቷን ደፋች። እሱም እውነት ነው አለች። የቀሩት ሁለቱም እንደማይተርፉ፣ የሚቀበሩበት ጉድጓድ ጥልቅ እንዲሆን፣ እንቁላሉም ሁሉ እንዲጣል ነግራት ሄደች።

እመት ማኅተም ንዴቷን ይዛ ብቻዋን ቀረች። በሐኪሟ ላይ ልታወርደው ሞከረች፣ በመሥሪያ ቤቱ ላይ ሞከረች፤ ዞሮ ዞሮ ወደ ራሷ እጅ ተመለሰ። በእጅ ጽሑፏ “ቁጥር አንድ” የሚለው ካርቶን ከቅርንጫፉ ላይ ይወዛወዛል። አሥራ ሦስቱን የገደለቻቸው እሷ ናት። የመጀመሪያዋን ማንም ይግደላት ማን፣ ማስረጃ የለም፣ መቼም አይኖርም። አውራ ዶሮው ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጮኸ። ልትጠብቀው ብላ ስላሰረችው ብቻውን ተረፈ፣ ያ የጠቡ መነሻ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን መዶሻዋን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለች። በሩን ሳበችው፤ አልተከፈተም። በትከሻዋ ገፋችው፤ አልነቃነቅም አለ። ከወዲያም በምስማር ተመትቷል። ደሟ ፈላ፤ ቀጥሎም እንጨቱን ተደገፈች።

“አካፋህን አውሰኝ” አለች።

ከወዲያ መቀሱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማች።

“የመጀመሪያዋን እኔ ነኝ የገደልኳት?”

“አይደለህም።”

“ማስረጃ አገኘሽ?”

“አላገኘሁም” አለች እመት ማኅተም።

እግሩ ወደ በሩ ቀረበ።

“ያንቺን ምስማር ነቀልሽ?”

“ስድስቱንም።”

“የኔ ስምንት ነው” አለ ወንድሟ። “ቁሚ፣ መዶሻ ላምጣ።”