ክለቹን እንደ ኮሌታ

ከገርጂ እስከ ቦሌ ለሚ በሚመላለሰው የፋብሪካችን ሰርቪስ ውስጥ እኔን የሚያሸንፍ አልነበረም። በመኪና ጌም ማለቴ ነው። ያኔ ከተማው ሁሉ ይቆፈራል፤ በጉርድ ሾላ ባቡሩ ይሠራል፣ በየሜዳው ኮንዶሚኒየም ይበቅላል፣ እኛም ጠዋትና ማታ አቧራ እየቃምን እንሄዳለን። ስልኬን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያጋደምኩ፣ መኪናውን የሚያስፈነጥረውን ናይትሮ እየለቀቅኩ፣ ፖሊሶቹን አስከትዬ በጠባብ መንገድ ስሾልክ፣ ጠዋት ጠዋት የስፌት መስመሬ ልጆች ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥለው ያያሉ። ሥራዬ ኮሌታ መስፋት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ። ስልኩ ላይ ግን ንግሥት ነበርኩ፣ ምን እዋሻለሁ።

ሹፌራችን ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ፋብሪካው ያረፈበት አካባቢ አባታቸው ጤፍ ያመርቱበት የነበረ ነው ይባላል፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። እኔን የሚያናድደኝ አነዳዳቸው ነበር። በተለይ ማታ ስንመለስ፣ ጎሮ ከመድረሳችን በፊት ያለው ኮረኮንች ላይ ሲገቡ ቀስ፣ ቀስ፣ አሁንም ቀስ። እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አንድ ማታ ደሜ ፈላና ጮክ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ይሄ መኪና ናይትሮ የለውም እንዴ?» አልኩ። የተኙት ሳይቀሩ ነቅተው ሳቁ። ጋሼ በመስታወቱ አየት አደረጉኝና ቀጣዩን ጉድጓድ ቀስ ብለው ወረዱ። እኔም ልክ ልካቸውን የነገርኳቸው መስሎኝ ወደ ጌሜ ተመለስኩ።

ብዙም ሳይቆይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ፋብሪካው የሸሚዝ ሳምፕል ወደ ከተማ የምታመላልስ ትንሽ መኪና ገዝቷል፤ ከሠራተኛው መሃል መንጃ ፈቃድ ይዞ ለቀረበ ቅድሚያ ይሰጣል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተገኘ ግን ከውጭ ይቀጠራል። ሦስት ዓመት አንገቴን ደፍቼ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። መንገድ አምሮኝ ነበር፣ በጣም። እንደ ዕድል ደግሞ ማሠልጠኛ ገብቼ የጽሑፉን ፈተና አልፌያለሁ፤ የቀረኝ የተግባሩ ብቻ ነው። ይቺ መኪና የእኔ ናት አልኩ በሆዴ።

ጉዴን ስሙ እንግዲህ። ጌሙ ላይ መኪናው በራሱ ይሄዳል። ነዳጅ መስጠት የለ፣ ክለች የሚሉት የግራ እግር ፔዳል የለ፤ የሰው ሥራ ማዞር ብቻ ነው። ማሠልጠኛውም ያን ሰሞን ተማሪ በዝቶበት ስለነበር፣ አስተማሪዬ ቶሎ ለመጨረስ ከጎኔ ተቀምጦ በእሱ በኩል ባለው ፔዳል ይረግጥልኝ ነበር። ለካስ እኔ መሪ ብቻ ነው የያዝኩት! ፈታኙ እግሩን ሰብስቦ ሲቀመጥ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ዳገቱ ላይ ክለቹን ለቀቅኩት፤ መኪናዋ ዘላ ጠፋች። አስነሳኋት፤ እንደገና ዘላ ጠፋች። በሦስተኛው ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ስልክ እንደያዘ ሰው በሙሉ ሰውነቴ ወደ ቀኝ ዘመም አልኩ። ፈታኙ ፍሬን ያዘና ትንሽ አይቶኝ፣ ውረጂ አለኝ።

በማግስቱ ማታ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከጋሼ ጀርባ ተቀመጥኩ። ገርጂ ላይ ከሁሉም ኋላ የምወርደው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ፣ ዛሬ ጌሙን ምነው ተውሽው አሉኝ። እንባዬ ቀደመኝ። መዝመሜን ሳይቀር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። መሳቅ ይችሉ ነበር፤ እኔ ብሆን እስቅ ነበር። አልሳቁም። ሁለተኛው ፈተና መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አሥር ቀን ቀርቶኛል፤ ከዚያ በኋላ ወሩ ያልቃል።

«ማሽንሽ ላይ እግርሽ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

ይሄ ደግሞ ምን አገናኘው እያልኩ፣ ፔዳል ይረግጣል አልኳቸው።

«ኮሌታ ስትጀምሪ በአንዴ ትረግጪዋለሽ?»

በአንዴ ከተረገጠማ መርፌው ጣት ይበሳል። ኮሌታው ጫፍ ላይ እግር የሚያርፈው ለስሙ ነው፤ ክሩ አንድ፣ አንድ እያለ ማዕዘኑን እስኪዞር ትንፋሽ ይያዛል። ይህን ሳስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው ክለቹን እንደ ኮሌታ ልቀቂው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓት እንቅልፋቸውን ሰጡኝ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ መሪ ለሚይዝ ሰው፣ ያቺ እንቅልፍ ምን እንደነበረች የገባኝ በኋላ ነው። አውቶብሱን ግቢው ጥግ ያቆሙና ወንበራቸውን ይለቁልኛል። አንድ ክንድ ወደፊት፣ አንድ ክንድ ወደ ኋላ፤ ሌላ ምንም የለም። ስልኬን ግን ቀሙኝ፤ እስክታልፊ አትነኪውም ብለው። አንድ ቀን ዞር ስል አጠገቤ ተቀምጠው ጌሙን ይሞክራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዱ ሰው የመጀመሪያውን ውድድር ማለፍ አቅቷቸው ግድግዳ ለግድግዳ ሲላተሙ አየሁ። ከዚያም መታጠፊያው ላይ በሙሉ ሰውነታቸው ዘመም አሉ። ሁለታችንም እንባ እስኪወጣን ሳቅን።

የፈተናው ቀን ማሽን ላይ የማደርገውን ስስ ጫማ አድርጌ ሄድኩ። ዳገቱ መሃል ላይ ፈታኙ አቁሚ አለኝ፤ አቆምኩ። ተነሺ አለኝ። ኮሌታ፣ ኮሌታ እያልኩ በሆዴ ክለቹን ለቀቅኩት። መኪናዋ ቅንጣት ሳትንሸራተት ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ማለፌን ስነግራቸው ጋሼ፣ ደግ አሉና ስልኬን መለሱልኝ።

መኪናዋን በተረከብኩ በሳምንቱ ገደማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከፋብሪካው ስወጣ ከሰርቪሱ ኋላ ገባሁ። ኮረኮንቹ ላይ ስንደርስ ቀስ፣ ቀስ፣ አሁንም ቀስ። የድሮ አመሌ ተነስቶ እጄ ጥሩምባው ላይ ደረሰ። ቀና ስል በሰርቪሱ የኋላ መስታወት ጭንቅላቶች አየሁ። ሁሉም ተኝተዋል፤ አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ፣ ሌላዋ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አድርጋ። አውቶብሱ እያንዳንዷ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ሊቆም ይደርስና ይወርዳል፤ አንድም ጭንቅላት ከመስታወቱ ጋር አይጋጭም። ሦስት ዓመት እዚያ ውስጥ ተቀምጬ ይህን አላየሁም፤ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። እጄን ከጥሩምባው አነሳሁ። እግዜር ይስጣቸው፣ ዛሬም እንጀራዬ የእሳቸው ነው።

ጎሮ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ጎን ለጎን ቆምን። መስኮቴን አውርጄ፣ «ጋሼ፣ ለዚያ ለናይትሮው ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ ጮክ ብዬ።

ጋሼ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ» አሉኝ። «ልጆቹ ተኝተዋል።»