በአስተያየት ሳጥን የገባ መርዶ

ደጊቱ የጅጋ ገጠር ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ስትጨርስ ነጥብ አልመጣላትም፤ ሙያ ማሠልጠኛ ገብታ ኮምፒውተር ተማረች። ከዚያም ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ማመልከቻ እየተየበች፣ ፎቶ ኮፒ እያነሳች መኖር ጀመረች።

አዲስ አበባና ባሕር ዳር የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ማኅበር ነበራቸው። «ድረ ገጽ ሥሪልን» አሏትና ሠራችላቸው። ሰው ሲሞት፣ ልጅ ሲመረቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ ማስታወቂያውን የምታወጣው እሷ ናት። አንባቢው «ነፍስ ይማር»፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚልበት ቦታ ይኑር ስላሏት፣ በነፃ የሚገኝ የአስተያየት ፕለጊን ከኢንተርኔት አውርዳ ጨመረችበት። ፕለጊን ማለት ካለቀ ቤት ጎን እንደሚቀጠል ጓዳ ነው፤ ቤቱን የሠራው ሌላ፣ ጓዳውን የሠራው ሌላ። ሳጥኑ ሠራ፣ ሰውም ወደደው። ደጊቱም ከዚያ ወዲያ ዞር ብላ አላየችውም።

በሁለት ሺህ ስድስት ሰኔ፣ ከቡሬ እስከ ጅጋ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲጠፋ ስልኩም አብሮ ጠፋ። ደጊቱ ኮምፒውተሯን ጨርቅ አልብሳ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ጥቁር የለበሰች ልጅ ከአውቶቡስ ወርዳ ቀጥ ብላ ወደ እሷ መጣች። ህይወት ናት፤ የገጠር ጎረቤታቸው የአቶ ወንዳወቅ ልጅ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች።

«ደጊቱ፣ መቼ ነው?» አለቻት።

«ምኑ?»

«አባቴ።»

ደጊቱ ግራ ገባት። ህይወት ከአንድ ቀን በፊት አዲስ አበባ ሆና በስልኳ ድረ ገጹን ስትከፍት፣ ከላይ በትልቁ አባቷ ማረፋቸውንና ቀብራቸው መፈጸሙን አነበበች። ቤት ብትደውል ስልክ የለም። ጎረቤት ብትደውል የለም። በነጋታው ፈተና ነበረባት፤ ትታው ተሳፈረች። አውቶቡሱ ጅጋ ሲደርስ ግን አልወረደችም።

«ካንቺ አፍ ሳልሰማ ደጃችን መድረስ አቃተኝ» አለች።

«ህይወት፣ እኔ ምንም አልጻፍኩም። በማርያም!»

ህይወት አላመነቻትም። ግን ተስፋም አልቆረጠችም፤ ሚኒባስ ይዘው ወደ ጅጋ ተመለሱ። ከጅጋ ወጥተው በእግር መንገዱ ጥቂት እንደሄዱ፣ አቶ ወንዳወቅ ከቡሬ ገበያ የገዙትን ወይፈን እየነዱ ከፊታቸው ሲሄዱ አዩአቸው። ልጅቱ ጮኸች። አቶ ወንዳወቅ ዞር ሲሉ ልጃቸው ከል ለብሳ፣ ፀጉሯን ተቆርጣ ቆማለች። ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ማን ሞተብኝ? እናትሽ ናት? ተናገሪ እንጂ!»

ህይወት እያለቀሰች እግራቸው ላይ ወደቀች። አቶ ወንዳወቅ ደረታቸውን መምታት ሲጀምሩ ደጊቱ ደንግጣ፣ «ጋሼ፣ ማንም አልሞተም! የሞቱት እርስዎ ነዎት!» አለች።

እንዲህ መባል እንዳልነበረበት የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ወይፈኑ እስከዚያው የሰው ማሳ ገብቶ የበቆሎ ቡቃያ ይግጥ ነበር።

አቶ ወንዳወቅ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቤት ሲደርሱ ግን ሳቁ ጠፋ። በቁም መርዶ መነገር ደግ አይደለም ብለው በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። መንደሩ ደግሞ ደጊቱን በጥርጣሬ ዐይን ያይ ጀመር። ማስታወቂያ የምታወጣው እሷ አይደለችምን?

መብራት ሲመጣ ደጊቱ ሱቋን ዘግታ ፍለጋ ገባች። የጻፈቻቸውን ማስታወቂያዎች ሁሉ አገላበጠች፤ መርዶው የለም። ሰው ገብቶበት ይሆናል ብላ የይለፍ ቃሏን ቀየረች፤ ገጹን ስትከፍት መርዶው አሁንም አለ። የፍኖተ ሰላም ኢንተርኔት እንደ ኤሊ ነው፤ ያን ቀን ግን ዝግታው ጠቀማት። ገጹ ቀስ እያለ ሲከፈት መጀመሪያ የእሷ ማስታወቂያ መጣ፤ ቀጥሎ አስተያየቶቹ ሲወርዱ ማስታወቂያው በዐይኗ ፊት ወደ መርዶ ተለወጠ። ነገሩ ያለው ከአስተያየቶቹ ውስጥ ነው ማለት ነው። አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዱ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ይላል፤ ከጀርባው ግን በስም መጻፊያው ቦታ ኮድ ተሰክቷል። ክሮስ ሳይት ስክሪፕቲንግ እንደሚሉት በኋላ አንብባ ተረዳች። ፕለጊኑ ሰው የጻፈውን ሳያጣራ ስለሚያወጣ፣ ገጹን የከፈተ ሁሉ ስልክና ኮምፒውተር ኮዱን እንደ ትእዛዝ ይፈጽመዋል።

የመንደሩ ሽማግሌዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭ ጠሩ። አገሬው ተሰብስቦ የሚያውቀውን ሁሉ ሊያወጣ ተቀመጠ። መጀመሪያ ደጊቱን አስነሷት።

«አባቶቼ፣ እንዲህ አስቡት» አለች። «አንድ ሰው ለእናንተ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ደብዳቤው ‹በሬዎቹን ፍታ› ይላል። ሎሌያችሁ ደብዳቤውን ለእናንተ እንደማድረስ፣ እሱው አንብቦ በሬዎቹን ፈታቸው። የኔ ሎሌ፣ የአስተያየት ሳጥኑ፣ እንዲህ ያለ ነው። ሎሌውን ሳልፈትን ያስገባሁ እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውን ግን አልጻፍኩም።»

መሪጌታ ድረስ፣ የደብሩ የቅኔ መምህር፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰሙ ምስጋና፣ ወርቁ መርዶ። ቅኔ ነዋ! ልጅቱን ተዋት፤ ባለቅኔውን ፈልጉ።»

መርዶው ላይ የአቶ ወንዳወቅ ስም እስከ አያት ተጽፏል፤ ይህን የሚያውቅ የሩቅ ሰው ሊሆን አይችልም። ዙሩ ደርሶት የተነሳው ባምላኩ የአቶ ወንዳወቅ የእህት ልጅ ነው፤ ቡሬ ኮሌጅ ይማራል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ይሠራ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው። ቶሎ የመጣልኝን ስም ጻፍኩ። ወዲያው ላጠፋው ነበር፤ ግን የጻፍኩትን ማጥፋት እንደማልችል አላወቅሁም። ለደጊቱ ልደውል ስል ደግሞ መብራቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ፈራሁ።»

እናቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ባምላኩ ድንጋይ ተሸክሞ አቶ ወንዳወቅ እግር ላይ ወደቀ፤ ሽማግሌዎቹ ለመኑ። «እኔስ ከነሕይወቴ ነኝ» አሉ አቶ ወንዳወቅ በመጨረሻ። «የልጄን ፈተና ግን ማን ይመልሰዋል?» ይቅር አሉት። ህይወት ግን ይቅር ለማለት ጊዜ ወሰደባት፤ ያን ትምህርት በሚቀጥለው ዓመት ደግማ ነው የተፈተነችው።

ከማኅበሩ ሰዎች ገሚሱ ድረ ገጹ ይዘጋ አሉ። ዝም በሉ ያሏቸው አቶ ወንዳወቅ ናቸው፤ «መርዶ ነጋሪ ዋሸ ተብሎ መርዶ አይቀር። አፉን አስተካክሉለት» አሉ።

ደጊቱም አስተካከለች። የፕለጊኑ ሠሪ ቀዳዳውን የደፈነበትን አዲስ እትም ካወጣ ዓመት አልፎት ነበር፤ እሷ ናት ያላደሰችው። ይህ አንገበገባት። ያንኑ አሮጌ እትም የሚጠቀም ሌላ ማን አለ ብላ ስትፈልግ፣ የመራዊ እህል ነጋዴዎች ድረ ገጽ አንዱ ሆኖ ተገኘ። ቀዳዳ እንዳለባቸው ጻፈችላቸው። ኃላፊው አቶ ዘሩ ደውለው፣ «በርህ ክፍት ነው የሚለው ሌባ ነው! ለፖሊስ ነው የምነግርብሽ» አሏት።

ደጊቱ በማግስቱ ተሳፍራ መራዊ ሄደች። አቶ ዘሩን ከእህል መጋዘናቸው ደጅ አገኘቻቸው። «ፖሊስ ከመጥራትዎ በፊት እርስዎው ፊት ላሳይዎ፤ ከፈቀዱልኝ» አለች። ፈቀዱላት። በራሳቸው ኮምፒውተር፣ በራሳቸው የአስተያየት ሳጥን አንዲት መስመር ኮድ ጻፈች። ገጹ ሲከፈት ትንሽ መስኮት ብቅ አለችና «እንደምን ዋሉ» አለች።

አቶ ዘሩ መስኮቷን ዘጉ። ገጹን እንደገና ሲከፍቱት እንደገና መጣች።

«ይህን ማንም ሰው ሊያደርገው ይችላል?»

«ማንም።»

ወንበር ሳቡላት። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ስለነበር አዲሱን እትም እስኪያወርዱ ቀኑ ተገባደደ፤ ገጹን ዳግም ሲከፍቱት መስኮቷ አልመጣችም። ደጊቱ በመጨረሻው ሚኒባስ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለሰች።